ጠረፍ ላይ የሰፈረውን አሜሪካዊ አያት ፍለጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአሜሪካዊ ጋር የተጋባ ሐበሻ አንድ ቀን ይህ ነገር ይገጥመዋል። ልጅ ከትምህርት ቤት ይመጣና "የቤተሰቤን የዘር ሐረግ ሠርተህ አምጣ ተብያለሁ" ይላል። የእኛ ወገን ቶሎ ያልቃል። አገር ቤት ይደወላል፣ እማማ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፣ ይጻፋል፣ አለቀ። በዚያኛው ወገን ግን አማት ቡናቸውን ፉት እያሉ "እኛ ከዳንኤል ቡን ጋር ኬንታኪ የገባን ነን" ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ስም የለ፣ ዓመት የለ።

እኔም በዚሁ መንገድ ነው የገባሁበት። ከታች ያሉት ጥያቄዎች እኔንም ያስቸገሩኝ፣ ሌሎችም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ናቸው። ለምሳሌ የምጠቀመው ዳንኤል ቡንን ራሱን ነው፣ ለሰፋሪዎች ወደ ኬንታኪ መንገድ የከፈተውን ዝነኛ አዳኝ። አያታችሁ ስለሆነ አይደለም፣ ምናልባትም አይደለም። ሕይወቱ በደንብ ስለሚታወቅ ሰነዶቹ እንዴት እንደሚገኙ በእሱ ላይ ማሳየት ይቀላል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ጠረፍ" የሚባለው የት ነው?

ነጭ ሰፋሪዎች የደረሱበት የመጨረሻው ዳር ነው፤ የት እንደሆነ እንደ ዘመኑ ነው። በየትውልዱ ወደ ምዕራብ እየገፋ ሄዷል። ቡን በ1734 ፔንስልቬኒያ ውስጥ፣ ዛሬ በርክስ ካውንቲ በሚባለው አካባቢ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሰሜን ካሮላይና፣ ወደ ያድኪን ሸለቆ ወረደ። በ1756 ርብቃ ብራያንን እዚያ አገባ። 10 ልጆች ወለዱ። በ1769 ለአደን ብሎ በኩምበርላንድ በር (የተራራ ማለፊያ ነው) አልፎ ኬንታኪ ገባ። በ1775 ደግሞ መጥረቢያ የያዙ 30 ያህል ሰዎች አስከትሎ ጫካ እየመነጠረ መንገድ አወጣ፣ ቡንስቦሮ የተባለችውንም ምሽግ ቆረቆረ። በ1799 ወደ ሚዙሪ ተሻገረ። ሚዙሪ ያኔ በስፔን እጅ ነበረች። በ1820፣ በ85 ዓመቱ፣ እዚያው አረፈ።

አያችሁ? አንድን ሰው ለማግኘት በትንሹ አራት ስቴት መዞር፣ የስፔንንም ወረቀት ማገላበጥ ያስፈልጋል። "ኬንታኪ ፈልጌ አጣሁት" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰሜን ካሮላይናን አላየም።

ሰፋሪው ሲመጣ መሬቱ የማን ነበር?

ሾኒዎችና ቼሮኪዎች የተባሉት የአገሬው ነባር ሕዝቦች የሚያድኑበት አገር ነበር። በመጋቢት 1775 ሲካሞር ሾልስ በሚባል ቦታ ሪቻርድ ሄንደርሰን የተባለ ሰው ኩባንያውን ይዞ መጥቶ ከቼሮኪ አለቆች ሰፊ መሬት ገዛሁ አለ። ድራጊንግ ካኑ የተባለው ወጣት መሪ አጥብቆ ተቃወመ። ሾኒዎቹን ደግሞ የጠየቃቸውም የለም። በኋላ ቨርጂኒያም የሄንደርሰንን ውል ሰረዘችው። ይህን የምነግራችሁ ለፍለጋው ስለሚጠቅም ነው። የእነዚያ ዓመታት ሰነድ ግማሹ የጦርነት ሰነድ ነው። የቡን ልጅ ጄምስ በ1773 ተገደለ፣ ሌላው ልጁ እስራኤል በ1782 ብሉ ሊክስ በተባለ ቦታ በተደረገ ውጊያ አባቱ አጠገብ ወደቀ።

ከየት ልጀምር? ከቡን ዘመን ወደ ታች ልውረድ?

በፍጹም። ከራሳችሁ ልጅ ተነስታችሁ ወደ ላይ ውጡ። ልጅ፣ አባት፣ አያት እያላችሁ፣ ለእያንዳንዷ እርከን አንድ ወረቀት እየያዛችሁ። ከታዋቂው ሰው ወደ ታች የሚወርድ ሰው የሚፈልገውን ስም እስኪያገኝ ይወርዳል፣ ያገኘውንም ቤተሰቤ ነው ይላል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የቤተሰብ ዛፎች ብዙዎቹ እንዲህ የበቀሉ ናቸው። አንዱ ከአንዱ ይገለብጣል፣ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል።

ሕዝብ ቆጠራው ላይ አያታችንን አጣሁት። አልነበረም ማለት ነው?

አይደለም። የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1790 ነው። ያኔ በስም የሚጻፈው አባወራው ብቻ ነበር። የቀሩት ቁጥር ናቸው። መዝገቡን ስትከፍቱ አንድ ስም ታያላችሁ፣ ከጎኑ በየዓምዱ ቁጥሮች ይደረደራሉ፦ 16 ዓመት የሞላቸው ነጭ ወንዶች ይህን ያህል፣ ከ16 በታች ይህን ያህል፣ ነጭ ሴቶች (ሕፃን ይሁኑ አሮጊት ሳይለይ) ይህን ያህል፣ ሌሎች ነፃ ሰዎች፣ ከዚያ ባሪያዎች። ሚስትም፣ ስምንት ሴት ልጅም፣ አብራ የምትኖር አማትም አንድ አሃዝ ውስጥ ይገባሉ። ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ የተጻፈው በ1850 ነው።

ኬንታኪ ላይ ደግሞ የባሰ ነገር አለ። የ1790ም የ1800ም ቆጠራ ጠፍቷል። በእጅ ያለው የመጀመሪያው የ1810 ነው። ክፍተቱን የሚሞላው የግብር መዝገብ ነው። ያንን በየዓመቱ ተራ በተራ አገላብጡ። አንድ ልጅ 21 ሲሞላው በራሱ ስም ብቅ ይላል። አባት አንድ ዓመት ከጠፋና በቦታው "የእገሌ ሚስት" ወይም "የእገሌ ወራሾች" ከተጻፈ ደግሞ መቼ እንደሞተ አወቃችሁ ማለት ነው።

እሺ፣ ታዲያ ዋናው ማስረጃ የት ነው ያለው?

መሬት ላይ። ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

ሰፋሪው ማስታወሻ አልጻፈም፣ ፎቶ የለውም፣ ብዙ ጊዜ ስሙንም መፈረም አይችልም። ለመሬት ግን ይሞታል። በርስት ሲካሰሱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ዘመዶች ያሉት አበሻ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

ኬንታኪ ያኔ የቨርጂኒያ አካል ነበረች። ቨርጂኒያ በ1779 ሕግ አወጣች። ከ1778 በፊት የሰፈረ ሰው 400 ኤከር ይገባዋል፣ በዚያ ላይ አጠገቡ ያለውን 1,000 ኤከር ከሌላው ቀድሞ መግዛት ይችላል። 400 ኤከር በእኛ የድሮ አቆጣጠር 4 ጋሻ ያህል ነው። ድሃ ገበሬ በአንድ ጊዜ ባላባት የሚሆንበት ነገር ነው፣ ለዚህ ነው ሰው ሞትን ንቆ የጎረፈው።

ካርታ እስኪወጣ አራት እርከን አለ። መጀመሪያ መሬት የማግኘት መብት የሚሰጠው ማዘዣ። ቀጥሎ "እኔ የምፈልገው ይህችን ቦታ ነው" ብሎ ማስመዝገብ። ሦስተኛ ቀያሽ ወጥቶ ይለካል። በመጨረሻ ገዢው የፈረመበት የባለቤትነት ሰነድ ይመጣል። በአራቱም ላይ ወረቀት ይቀራል፣ በመካከላቸውም ዓመታት ያልፋሉ። ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን ብቻ አይተው ይመለሳሉ። ወርቁ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

የቀያሹን ወረቀት ጠጋ ብላችሁ እዩት። አጻጻፉ በደምሳሳው እንዲህ ነው፦ ከጅረቱ ዳር ካለው ነጭ የኦክ ዛፍ ተነስቶ፣ ወደ ሰሜን ይህን ያህል ፖል ሄዶ፣ ሁለት የሜፕል ዛፎች ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የእገሌን መስመር ይዞ ይሄዳል... አንድ ፖል 16 ጫማ ተኩል፣ ማለትም 5 ሜትር ያህል ነው። ከዋርካው ወዲህ፣ ከወንዙ መለስ እንደምንለው ማለት ነው። "የእገሌ መስመር" የተባለው ጎረቤት አማች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከግርጌ ደግሞ ትንንሽ ስሞች አሉ። የመለኪያውን ሰንሰለት የጎተቱት ሁለቱ ሰዎች፣ ዛፉ ላይ ምልክት የጠረበው ሰው። ቀያሹ እነዚህን ከከተማ ይዞ አይመጣም። ባለመሬቱ ነው የሚያቀርባቸው፤ ብዙ ጊዜ ልጁን፣ ወንድሙን፣ የእህቱን ባል። እኔ ሦስት ወር ያጣሁትን ወንድም ያገኘሁት ሰንሰለት ሲጎትት ነው።

ቡን ራሱ ቀያሽ ነበር። የለካቸው ሰነዶች ዛሬም አሉ። ግን ለራሱ መሬት አልሆነለትም። በ1780 ከሰፋሪዎች 20,000 ዶላር ያህል ሰብስቦ ማዘዣ ሊገዛላቸው ወደ ቨርጂኒያ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ባደረበት መጠጥ ቤት ተኝቶ ሳለ ገንዘቡ ተሰረቀ። አንዳንዱ ሰው ማረው፣ አንዳንዱ ክፈል አለው።

የፍርድ ቤት መዝገብስ ይጠቅማል?

እንዴታ! ኬንታኪ ውስጥ አንዱ መሬት በሌላው ላይ ተለክቶ፣ በዚያ ላይ ሌላ ተደርቦ፣ ወሰኑ እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርቦ ነበር። ዛፉ ይቆረጣል፣ ወንዙ ስም ይቀይራል፣ ክስ ይመጣል። ያኔ ሽማግሌዎች ይጠሩና "በ1776 እዚህ ማን ሰፍሮ ነበር? ጎጆው የት ነበር?" ተብለው ይጠየቃሉ። መልሳቸው ቃል በቃል ይጻፋል፣ ዕድሜያቸውም ጭምር። ማንበብ ስትጀምሩ ቡና ይበርዳል።

ቡንም በዚህ ተንገላቷል። መሬቱን በክስና በዕዳ አጣ። በ1798 ለምስክርነት ተጠርቶ ስለቀረ የእስር ማዘዣ ወጣበት፣ ሸሪፉ ግን ሊያገኘው አልቻለም። የሚገርመው በዚያው ዓመት ኬንታኪ አንድ ካውንቲ በስሙ ሰየመችለት። በቀጣዩ ዓመት ጥሏት ሄደ።

የኬንታኪ ሰው ሰነድ ቨርጂኒያ ምን ይሠራል?

ካውንቲዎች ይወለዳሉ፣ ይከፈላሉ። በ1776 መጨረሻ ላይ ኬንታኪ በሙሉ አንድ የቨርጂኒያ ካውንቲ ሆነች። በ1780 ለሦስት ተከፈለች፦ ጄፈርሰን፣ ፋየት፣ ሊንከን። እነዚያም እየተከፈሉ ሄዱ። በ1792 ራሷን የቻለች 15ኛ ስቴት ሆነች። ስለዚህ አያታችሁ ከአንድ ጎጆ ሳይንቀሳቀስ ሦስት ካውንቲ ውስጥ ሊኖር ይችላል። መዝገቡ ግን የሚገኘው በተጻፈበት ጊዜ በነበረው ካውንቲ ነው። ከመፈለጋችሁ በፊት የካውንቲውን የትውልድ ዓመት እዩ።

የፍርድ ቤቱ ሕንፃ ተቃጥሏል ከተባላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። የግብር መዝገብ ቅጂ ወደ ዋና ከተማ ይላክ ነበር፣ የመሬት ሰነዱም የስቴቱ ነው።

ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ የሰፈረ ከሆነስ?

ቀላል ነው። ከ1785 በኋላ የፌዴራል መንግሥት አብዛኛውን መሬት በካሬ ሸነሸነው። 6 ማይል በ6 ማይል፣ ውስጡ 36 ክፍል፣ እያንዳንዱ 640 ኤከር። ዛፍ ፍለጋ የለም። ሰነዶቹን የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷቸዋል። ከ1862 በኋላ በሆምስቴድ ሕግ (ሰፍሮ ላረሰ ሰው መሬት በነፃ የሚሰጥ ሕግ ነው) 160 ኤከር የወሰደ አያት ካላችሁ ደግሞ ሙሉ ፋይሉን ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት እዘዙ። ቤቱ ስንት መስኮት እንዳለው፣ ምን እንደዘራ ሳይቀር ታገኛላችሁ።

ሴት አያቴን እንዴት ላግኛት?

ከባድ ነው፣ ግን መንገድ አለ። ባል መሬት ሲሸጥ ሚስት መብቷን መልቀቅ ነበረባት። ባሏ ከሞተ ከመሬቱ ሲሶውን እስክትሞት የመጠቀም መብት ነበራታ! ስለዚህ ዳኞች ባሏ በሌለበት ለብቻዋ ያነጋግሯታል፦ ወደሽ ነው ወይስ ተገደሽ? መልሷ ከሽያጩ ውል ሥር ይጻፋል፣ ከስሟ ጋር። ለብዙ ሴቶች በሕይወት እያሉ ስማቸው የተጻፈበት ብቸኛው ወረቀት ይኸው ነው።

ሰውየው በድንገት ከሰነድ ቢጠፋም የሚስትየውን ቤተሰብ ተከተሉ። በየካቲት 1778 ቡን ጨው ከሚያወጡ ሰዎች ጋር ወጥቶ ሳለ ሾኒዎች ማረኩት። አለቃቸው ብላክፊሽ እንደ ልጅ ተቀበለው። በሰኔ አምልጦ ቡንስቦሮ ሲደርስ ርብቃ የለችም። ሞቷል ብላ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ሰሜን ካሮላይና ተመልሳለች። መበለት ወዴት ትሄዳለች? ወደ ወንድሞቿ።

የነፃነት ጦርነት ዘማች ነበር ይላሉ። ማረጋገጫ አለ?

የጡረታ ማመልከቻውን ፈልጉ። በ1832 የወጣው ሕግ ቢያንስ 6 ወር ላገለገለ ሁሉ ጡረታ ፈቀደ። ሽማግሌው ካውንቲው ፍርድ ቤት ቀርቦ የት ተወለድክ፣ መቼ፣ ዕድሜህ የት ተጽፏል፣ ከጦርነቱ በኋላ የት የት ኖርክ ተብሎ ይጠየቃል። እናንተ ልትጠይቁት የምትፈልጉትን በሙሉ ማለት ነው። በ1836 ለመበለቶችም ተፈቀደ። እነሱ ጋብቻቸውን ለማስረዳት ከቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ የልጆች ስም ያለበትን ገጽ ቀድደው የላኩ አሉ። ገጹ ዛሬም ፋይሉ ውስጥ አለ።

የልደት ቀኑ ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ተጽፏል። የቱ ነው ልክ?

ይቺ ለእኛ ናት! ሁለት ካላንደር ይዞ የሚኖር ሰው ያልገባው ማን ይገባዋል? እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 የድሮውን አቆጣጠር ይጠቀሙ ነበር። በዚያ ዓመት 11 ቀን ዘለሉ። አዲስ ዓመትም ቀድሞ የሚገባው መጋቢት 25 ላይ ነበር፣ ወደ ጥር 1 ዞረ። ቡን በድሮው ጥቅምት 22፣ በአዲሱ ኅዳር 2 ነው የተወለደው። እሱ ራሱ እስከ መጨረሻው የጥቅምቱን ይዞ ቀረ። ከ1752 በፊት በየካቲት የተወለደ ሰው ደግሞ ዓመቱም ሊለያይ ይችላል፣ ተጠንቀቁ።

የስሙ አጻጻፍ ይለያያል፣ ሌላ ሰው ይሆን?

አጻጻፍ ማስረጃ አይሆንም። ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጽፈው። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው፣ አንድ ስም ያላቸው ብዙ ሰዎች። ቡን ራሱ ዳንኤል ሞርጋን ቡን የሚባል ልጅ ነበረው፣ እሱም ሚዙሪ ኖሯል። "ዳንኤል ቡን፣ ሚዙሪ" የሚል ወረቀት ብታገኙ የቱ ዳንኤል? መልሱ አሁንም መሬቱ ነው። የትኛው ጅረት ዳር፣ ከማን ጎረቤት።

ቤተሰቡ ባሪያ ነበራቸው? ወይስ አያቴ ራሷ ባሪያ ነበረች?

ሁለቱንም መጠየቅ አለባችሁ። ቡን በ1787 ሰባት ባሪያዎች ነበሩት። በአማቶች ቤት ይህ ገጽ ሲከፈት ዝምታ ይወርዳል፣ ግን እዚያው የግብር መዝገብ ላይ ነው ያለው፣ ከፈረሶቹ ዓምድ ጎን።

ከባሪያዎቹ ወገን ለሚፈልግ ሰው መዝገቡ ጨካኝ ነው። ነፃ የወጡት ሁሉ በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። የ1850 እና የ1860 የባሪያዎች ዝርዝር ጌታውን በስም፣ እነሱን በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ይጽፋል። ከዚያ በፊት ስም የሚገኘው በኑዛዜ፣ በውርስ ቆጠራና በሽያጭ ውል ነው። ኬንታኪ ውስጥ ከሚታወቁት አንዱ መንክ ኤስቲል ነው። ባሩድ ይሠራ ነበር፣ በ1782 ከተደረገ ውጊያ በኋላ ነፃ ወጣ።

"አያታችን ቼሮኪ ነበረች" የሚለውን ደግሞ ከየአሜሪካዊው ቤት ትሰማላችሁ። ሊሆን ይችላል። ግን ወረቀት እስክታዩ አትጻፉት።

ዲኤንኤ ልመርመር? ይጨርሰዋል?

ያግዛል፣ አይጨርሰውም። ሰባት ቤት ወደ ላይ ስትወጡ 128 ሰው ነው። ከአንዳንዶቹ የደረሳችሁ ዲኤንኤ ምንም ሊሆን ይችላል። የተለመደው ምርመራ ለአራትና ለአምስት ትውልድ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ይደበዝዛል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርደው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ግን ሩቅ ይሄዳል። ያንን የሚመረመረው የባለቤታችሁ አባት ወይም የአባትየው ወንድም ነው። እንግዲህ አግባቡልኝ በሉ።

ብዙ ገንዘብ ያስወጣል?

በነፃ ብዙ ርቀት ይኬዳል። ፋሚሊሰርች የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ድረ ገጽ ነው፣ ምንም አያስከፍልም። የኬንታኪ የመሬት ሰነዶችም ኢንተርኔት ላይ አሉ። የሚከፈልባቸውን ደግሞ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያስጠቅማሉ። ከጠረፉ ዘመን ሽማግሌዎችና ልጆቻቸው የተሰበሰበው የላይማን ድሬፐር ክምችት ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ውስጥ ነው፣ ማይክሮፊልሙ ግን ብዙ ቦታ ይገኛል። ድሬፐር በ1851 የቡንን የመጨረሻ ልጅ ናታንን ቤቱ ድረስ ሄዶ አነጋግሮታል።

መቃብሩን አገኘሁት፣ ስሙ ድንጋዩ ላይ አለ። ይበቃል?

ድንጋዩን ማን፣ መቼ እንዳቆመው ጠይቁ። የቡን መቃብር ሚዙሪ ውስጥ፣ ከርብቃ አጠገብ ነበር። እስከ 1830ዎቹ አጋማሽ ድረስ ምልክት አልነበረበትም። በ1845 የኬንታኪ ሰዎች መጥተው አጥንቱን ቆፍረው ወደ ዋና ከተማቸው ፍራንክፈርት ወሰዱት፣ በታላቅ ሥነ ሥርዓትም ቀበሩት። ሚዙሪዎች "የወሰዳችሁት የሌላ ሰው ነው" ይላሉ። ኬንታኪዎች ያኔ ከራስ ቅሉ የጄሶ ቅርጽ አንስተው ነበር። በ1983 አንድ የአጥንት ባለሙያ ቅርጹን መርምሮ የጥቁር ሰው ሊሆን ይችላል አለ። እዚያው መቃብር ቦታ ባሪያዎችም ተቀብረዋል። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም፣ ሁለቱም ስቴቶች መቃብሩ እኛ ጋ ነው እንዳሉ ናቸው፣ ጎብኚም ሁለቱም ጋ ሄዶ ፎቶ ይነሳል።